ከጥንዱ አንዱ ዲስክ ሲሞት፦ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ተረኛው ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ቀሰቀስኩዎት። ሰርቨሩ ኢሜይል ልኳል፣ አንዱ ዲስክ ወድቋል ይላል። አጥፍቼ ልቀይረው?»

«እንዳትነካው!» አልኩት። እንቅልፌ ገና አልለቀቀኝም፣ ይቺን ለማለት ግን አላቃተኝም።

ምክንያቱም ሰርቨሩ እየሠራ ነበር። ሚረር የተፈለገው ለዚሁ ቀን ነው። ሁለት ዲስክ፣ አንድ ዓይነት ይዘት፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ሥራውን ይዞ ይቀጥላል። ተጠቃሚው አያውቅም፣ አለቃም አያውቅም። እኔ በዚህ ሥራ ካየኋቸው ከባድ ጉዳቶች አብዛኞቹ ዲስኩ ሲሞት የደረሱ አይደሉም፤ ሰው ሊቀይር ሲገባ የደረሱ ናቸው። አንዱን የገዛ እጄ ነው ያደረገው፣ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ሰርቨሩ የሚነሳበት ዲስክ ጥንዱን ሲያጣ ብዙ ምርጫ ፊታችሁ ይደቀናል። ልንቀል ወይስ ልቆይ? ላጥፋ ወይስ እየሠራ ልቀይር? ያንኑ ሞዴል ወይስ ሌላ? እኔ ሁሉንም የምመዝነው በአንድ ሚዛን ነው፦ በሕይወት የቀረውን ዲስክ የትኛው መንገድ ያነሰ ያስቸግረዋል? በዚያች ሌሊት ያላችሁ ንብረት እሱ ብቻ ነው። አዲሱ ባዶ ነው፣ የሞተው ሞቷል።

ከሁሉም በፊት ግን ባክአፑን እዩ። ሚረር ባክአፕ አይደለም፤ በስህተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ላይ እኩል ነው የሚሰረዘው። የትናንቱ ባክአፕ በእርግጥ መኖሩን አረጋግጡና የሲስተሙ ቅንብር የሚቀመጥበትን የ«ኢቲሲ» ፎልደር፣ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ ከሚናገረው የፓርቲሽን ሠንጠረዥ ጋር ወደ ሌላ ማሽን ገልብጡ። 5 ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ዲስኩ ነው ወይስ ኬብሉ?

ብዙ ሰው ይሄን ዘሎ ዲስክ ፍለጋ ይወጣል። ተው፣ መጀመሪያ ስማርትን፣ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚይዘውን መዝገብ፣ ጠይቁት። ሳታ በሚባለው የተለመደ ማገናኛ የሚሰካ ዲስክ ከሆነ አራት ቁጥሮች ይበቋችኋል። ቁጥር 5 ተበላሽተው በትርፍ የተተኩ ሴክተሮችን፣ ማለትም የዲስኩን ትንንሽ ክፍሎች፣ ይቆጥራል። 197 ማንበብ ያቃተውንና ገና ያልተወሰነበትን ነው፣ 198 ደግሞ ጨርሶ ያልተነበበውን። እነዚህ ከፍ ካሉና በየሰዓቱ ከጨመሩ ዲስኩ አልቆለታል፣ ክርክር የለም። 199 ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ በኬብሉ ላይ ሲያልፍ የተበላሸ ዳታን ይቆጥራል። ሌሎቹ ዜሮ ሆነው 199 ብቻ ካበጠ ጥፋተኛው ኬብሉ ወይም ዲስኩ የሚሰካበት ቦርድ ነው፤ አዲስ ዲስክ ገዝታችሁ ብትሰኩ ከሳምንት በኋላ እሱም «ይሞታል»።

«197 ስንት ይላል?» አልኩት ልጁን።

«64፣ ጋሼ። ማታ ሳየው 40 ነበር።»

በቃ፣ ዲስኩ ነው።

ኬብል ሆኖ ቢሆን ግን መፍትሔው ቀላል ነበር። ሊኑክስ ላይ ሚረር የሚሠራው ፕሮግራም፣ ኤምዲአድም፣ ቢትማፕ የሚባል ማስታወሻ ይይዛል፤ ዲስኩ ከወጣ በኋላ የተቀየረው የትኛው ቦታ እንደሆነ ይመዘግባል። ኬብሉን ቀይራችሁ ያንኑ ዲስክ ስትመልሱት የጎደለውን ብቻ ይሞላና ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሳል። ሚረሩን ራሱ የሚሠራው የፋይል ሲስተም፣ ዜድኤፍኤስም፣ እንደዚሁ ነው።

መንቀል ወይስ አጠገቡ አስቀምጦ መተካት?

ሰርቨራችሁ ሦስተኛ ቀዳዳ ካለው ብዙዎች የማያውቁት ምርጫ አለ። የታመመው ዲስክ ሳይነቀል አዲሱን ጎኑ ሰክታችሁ «ይሄን በዚህ ተካ» ማለት ትችላላችሁ። ሊኑክስ ይሄን ማድረግ የቻለው ከከርነል (ከሲስተሙ እምብርት) 3.3 ወዲህ ነው፣ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማለት ነው። በዜድኤፍኤስ ደግሞ «ሪፕሌስ» ስትሉት የድሮው ዲስክ እስከ መጨረሻው አይለቅም።

ጥቅሙ ምንድን ነው? ጤነኛ የመሰላችሁ ዲስክም ለዓመታት ማንም ያላነበበው ቦታ ላይ የተበላሸ ሴክተር ሊኖረው ይችላል። የታመመው አሁንም አጠገቡ ካለ፣ አንዱ ያቃተውን ሌላው ያነብለታል። ሁለት በሽተኞች ቢሆኑም አንድ ቦታ ላይ የታመሙ መሆናቸው ብርቅ ነው።

ይሄ የሚሠራው ግን የታመመው ዲስክ አሁንም ቶሎ የሚመልስ ከሆነ ነው። አንዳንዱ ዲስክ አንድ ሴክተር ካላነበብኩ ብሎ ሙጭጭ ይላል። ሊኑክስ ለአንድ ትእዛዝ 30 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ መስመሩን ቆርጦ እንደገና ይሞክራል፣ እንደገና 30 ሰከንድ፤ ይሄኔ ማሽኑ በሙሉ ይንቀራፈፍና ስልክ የሚደውለው ተረኛው ብቻ መሆኑ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ወዲያው «ፌይል» ብላችሁ አስወጡት። ሚረሩ በአንድ እግሩ መቆሙ ሁለቱም ከሚንከላወሱ ይሻላል።

እየሠራ መቀየር ወይስ አጥፍቶ?

ብዙ ሰው «ማጥፋት ይሻላል፣ ጥንቃቄ ነው» ይላል። እኔ በተቃራኒው ነኝ፣ በሁለት ምክንያት።

አንደኛ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ የዞረ ዲስክ ሲጠፋ ቀዝቅዞ እንደገና ላይነሳ ይችላል። የሚቀዘቅዘው ደግሞ የሞተው አይደለም፣ የቀረው ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። የማስነሻው ፕሮግራም፣ ግራብ የምንለው፣ ሲስተሙ መጀመሪያ ሲጫን አንደኛው ዲስክ ላይ ብቻ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ሚረሩ ፋይሎቹን ያባዛል እንጂ ከፓርቲሽኖቹ ውጭ ያለችውን የመጀመሪያዋን ሴክተር አያባዛም። የሞተው ዲስክ ግራብን የያዘው ከሆነ ሰርቨሩ እየሠራ እስካለ ድረስ ምንም አይመስልም፤ አንዴ ካጠፋችሁት በኋላ ግን ጥቁር ስክሪን ላይ ጠቋሚዋ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ዳታው ሁሉ አለ፣ የሚቀሰቅሰው ጠፋ።

ስለዚህ ዲስኮቹ ከፊት ተስበው የሚወጡበት ሰርቨር ከሆነ ሳታጠፉ ቀይሩ። ክዳኑ ተከፍቶ ኬብል የሚነቀልበት ተራ ማሽን ከሆነ አጥፉት፣ ግን ከማጥፋታችሁ በፊት ግራብን በቀረው ዲስክ ላይ ጫኑ። ከማጥፋታችሁ በፊት! በኋላ ካላችሁ የፍላሽ ዲስክና የሬስኪው ሲስተም ሌሊት ነው የሚሆነው።

ሳያጠፉ መቀየር የራሱ ወጥመድ አለው፣ የኔ ታሪክም እዚህ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት «ዲስክ 1 ሞቷል» የሚል መልእክት መጣ። ሰርቨር ክፍል ገባሁ፣ ከግራ ቆጠርኩ፣ አንድ፣ መዥረጥ። የሰርቨሩ ቀዳዳዎች የሚቆጠሩት ግን ከዜሮ ነበር። የነቀልኩት ጤነኛውን ነው። ስክሪኑ ላይ የፋይል ዝርዝር ለማየት ብሞክር «ኢንፑት አውትፑት ኤረር» ይለኛል፤ ትእዛዙ ራሱ ያለው በእጄ በያዝኩት ዲስክ ላይ ነዋ! መልሼ ብሰካውም በሌላ ስም ነው የታየው። በኃይል አጥፍቼ አስነሳሁት፣ የፋይል ሲስተሙን ፈትሾ ተነሣ። ላቤ የደረቀው ከሰዓት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቁጥር አላምንም። ሊኑክስ ለዲስኮቹ የሚሰጣቸውን ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚሉ ስሞችም አላምንም፤ ሪቡት ሲደረግ ሊቀያየሩ ይችላሉ። የማምነው ሲሪያል ቁጥር ነው። የምጽፈው ደግሞ የጤነኛውን ነው። የሞተው ሲጠየቅ ላይመልስ ይችላል፣ ጤነኛው ግን ይናገራል። «ይሄን እንዳትነካ» ብላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ሌላም ዘዴ አለ፦ ከጤነኛው ላይ ዝም ብላችሁ ብዙ ዳታ አንብቡ፣ መብራቱ ያለማቋረጥ ይርገበገባል። ያልተርገበገበው ነው የሚነቀለው።

ምን ዓይነት ዲስክ ይግባ?

ያንኑ ሞዴል መፈለግ ልማድ ነው፣ ግዴታ ግን አይደለም። ግዴታው አንድ ነው፦ በሴክተር ብዛት ከቀረው እንዳያንስ። «1 ቴራባይት» ተብሎ የተጻፈበት ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ 1,953,525,168 ባለ 512 ባይት ሴክተሮች አሉት፤ አንዳንዱ ግን ትንሽ ያንሳል፣ በተለይ ከሌላ የሬይድ (ዲስኮችን የሚያጣምር) ሲስተም የተነቀለ ከሆነ። በአንድ ሜጋባይት ቢያንስ እንኳ ሚረሩ አይቀበለውም። ትልቅ ዲስክ ማስገባት ችግር የለውም፤ ትርፉ ሁለተኛውም እስኪቀየር ዝም ብሎ ይቀመጣል።

የሴክተሩን መጠንም እዩ። የድሮው 512 ባይት ሆኖ አዲሱ በቀጥታ 4 ሺህ 96 ባይት ብቻ የሚናገር ከሆነ የፓርቲሽን ሠንጠረዡን እንዳለ መገልበጥ አትችሉም፣ ቁጥሮቹ ትርጉማቸው ይቀየራል። ለ512 የተሠራ የዜድኤፍኤስ ፑልም (የዲስኮቹ ስብስብ) እንዲህ ያለውን ዲስክ አልቀበልም ይላል። ውስጡ 4 ሺህ ሆኖ ወደ ውጭ 512 ነኝ የሚለው ግን ይሠራል።

የሚሽከረከረው ዲስክ፣ ኤችዲዲ፣ ሲሞት በማይሽከረከረው በኤስኤስዲ መተካትስ? እኔ እወደዋለሁ። ቅይጥ ሚረር ሲጽፍ በቀርፋፋው ፍጥነት ነው የሚሄደው፣ ለማንበብ ግን ኤምዲአድም ላይ የድሮውን «ራይት ሞስትሊ» ብላችሁ ብትሰይሙት ንባቡ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ኤስኤስዲው ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን ያ ሽማግሌ ዲስክ ያርፋል። ከወር በኋላ እሱንም ትቀይሩታላችሁ። መብራት በየጊዜው የሚሄድበት ቦታ ካላችሁ ግን ርካሹን የላፕቶፕ ኤስኤስዲ አትግዙ። የሰርቨሮቹ ኤስኤስዲዎች ኃይል በድንገት ሲቋረጥ በእጃቸው ያለውን ጽፈው የሚጨርሱበት ካፓሲተር ውስጣቸው አለ፤ የላፕቶፖቹ አብዛኞቹ የላቸውም።

ከአንድ ካርቶን ሁለት መንታ መግዛትም አልወድም። በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሰርቨር ሠሪው ኤችፒኢ ለደንበኞቹ ያወጣውን ማስጠንቀቂያ ያስታወሰ ያስታውሰዋል። አንዳንድ የሳስ (የሰርቨር ዓይነት ማገናኛ ያላቸው) ኤስኤስዲዎቹ ፈርምዌር፣ ማለትም ውስጣቸው ባለው ፕሮግራም፣ ላይ በነበረ ስህተት ዲስኩ ልክ 32,768 ሰዓት ሲሠራ ይሞት ነበር፣ ዳታውም አብሮ ይሄድ ነበር። 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ማለት ነው። በአንድ ቀን የተሰኩ ጥንዶች በአንድ ሰዓት ነው የሚሞቱት። ሚረሩ ምን ያድርግ? ዕድሜያቸው የተለያየ፣ ቢቻል ፋብሪካቸውም የተለያየ ይሁን። ይሄ ካልሆነ ቢያንስ ፈርምዌሩን አድሱ።

ያገለገለ ዲስክ የግድ ከሆነ ስማርት ላይ ቁጥር 9ን ተመልከቱ፣ የሠራበትን ሰዓት ይነግራችኋል። 40 ሺህ ሰዓት ያለው ዲስክ «እንደ አዲስ ነው» ሲባል ፈገግ ብላችሁ እለፉ። አዲስ አበባ ላይ የሳስ ዲስክ በአንድ ቀን ማግኘት ዕድል ነው፤ እኔ ከዱባይ የሚመጣ ሰው ስጠብቅ ሳምንት ያለፈኝ ጊዜ አለ። በዚያ ሳምንት ሰርቨሩ የቆመው በአንድ እግሩ ነው። ከዚያ በኋላ መሳቢያዬ ውስጥ የተፈተሸ አንድ ትርፍ ዲስክ ጠፍቶ አያውቅም።

ሬይድ ካርድ፣ ኤምዲአድም፣ ዜድኤፍኤስ

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በአደጋው ሌሊት ይሄን አትመርጡም። ያላችሁ ያላችሁ ነው። ግን ለሚቀጥለው ሰርቨር ስትመርጡ የዲስክ ቅያሬ ቀን እንዴት እንደሚሆን ቀድማችሁ ብታስቡት ይጠቅማል።

ሚረሩን ራሱ በሚሠራ ካርድ፣ በሬይድ ካርድ፣ መቀየር ልጅ እንኳ ይችለዋል። ቢጫ ወይም ቀይ የበራበትን ስበህ አውጣ፣ አዲሱን ክተት፣ ሂድ። ካርዱ ሁለቱን ዲስኮች እንደ አንድ አድርጎ ስለሚያሳይ የግራብ ጣጣ የለም። ዩኒክስ የማያውቅ ሰው ከክፍለ ሀገር ቢሮ በስልክ እየተነገረው ሊቀይረው ይችላል፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ክፋቱ ሁለት ነው። ካርዱ ራሱ ሲሞት ዲስኮቹን የሚያነብላችሁ ዘመዱ የሆነ ካርድ ያስፈልጋችኋል። ሌላው፣ የካርዱን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ካልጫናችሁ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዲስክ መሞቱን አያውቅም። ቀዩ መብራት ማንም በማይገባበት ክፍል ውስጥ ለወራት ሲበራ የነበረበት ሰርቨር አጋጥሞኛል። እና ደግሞ ያገለገለ ዲስክ ከሰካችሁ ካርዱ «ፎሪን» ብሎ ሊያኮርፍ ይችላል፤ የድሮውን መረጃ እስክታጸዱለት አይጀምርም።

ኤምዲአድም ግልጽ ነው፣ ሁሉም ነገር ፊታችሁ ነው። ሁኔታውን ስትጠይቁት ሁለት «ዩ» መታየት ሲገባው አንዱ ቦታ ላይ ሰረዝ ታያላችሁ፣ አለቀ። ዲስኮቹን ነቅላችሁ ሌላ የትኛውም ሊኑክስ ማሽን ላይ ብትሰኩ ይነበባሉ። ሥራው ግን በእጅ ነው፦ የፓርቲሽን ሠንጠረዡን መገልበጥ፣ እያንዳንዱን ፓርቲሽን ወደየሚረሩ ማስገባት፣ ግራብ መጫን።

ሠንጠረዡን መገልበጥ የምትለዋ ላይ ቆም በሉ። ኤስጂዲስክ የሚባለው መሣሪያ በአንድ መስመር ይገለብጣል፣ ግን መጀመሪያ የምትጠሩለት የሚጻፍበትን ዲስክ ነው፣ ቀጥሎ ነው የሚነበበውን። የሰው አእምሮ ደግሞ «ከዚህ ወደዚያ» ብሎ ነው የሚያስበው። ከገለበጣችሁት የባዶው ዲስክ ሠንጠረዥ ጤነኛው ላይ ይጻፋል። በሌሊት፣ በእንቅልፍ ዓይን፣ ብቻውን በቀረ ዲስክ ላይ። እኔ ስለዚህ ኤስኤፍዲስክን እመርጣለሁ፦ የጤነኛውን ሠንጠረዥ መጀመሪያ ወደ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይሉን በዓይኔ አያለሁ፣ ከዚያ ፋይሉን አዲሱ ላይ እጽፋለሁ። ሁለት እርምጃ ነው፣ ግን በሁለቱ መካከል ትንፋሽ አለ። ፋይሉ ውስጥ ያሉትን መለያ ቁጥሮች ግን አጥፏቸው፣ አለበለዚያ ሁለቱ ዲስኮች አንድ መታወቂያ ይዘው ይቀራሉ።

ዜድኤፍኤስ ሌላ ዓለም ነው። የሚገለብጠው ዳታ ያለበትን ብቻ ነው። 4 ቴራባይት ዲስክ ላይ 300 ጊጋ ብቻ ከተያዘ 300 ጊጋውን ገልብጦ ያርፋል፤ ኤምዲአድም ባዶውንም ሳይቀር ከዳር እስከ ዳር ይገለብጣል። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ብሎክ ቼክሰም፣ ማለትም ማረጋገጫ ቁጥር፣ ስላለው የቀረው ዲስክ የተሳሳተ ነገር ካነበበ ያውቅበታል፣ የተጎዳውን ፋይል በስሙ ይነግራችኋል። ተራ ሚረር የተሰጠውን ዝም ብሎ ይገለብጣል። የቀረውን ዲስክ በማሳረፍ ከሄድን ዜድኤፍኤስ አሸናፊ ነው።

ግን ሁለት ጉድጓዶች አሉት። አንደኛው «አታች» እና «አድ» ነው። «አታች» ማለት ለዚህ ዲስክ ጥንድ ስጠው ነው። «አድ» ማለት ደግሞ ፑሉን በአዲስ ዲስክ አስፋው ነው፤ ያኔ ሚረር የለም፣ ዳታችሁ በሁለቱ ላይ ተበትኖ አንዱ ሲሞት ሁሉም ይሄዳል። ዜድኤፍኤስ «ይሄ አይመጣጠንም» ብሎ ያስጠነቅቃችኋል፣ እናንተ ግን ቸኩላችሁ የማስገደጃዋን ምልክት ትጨምራላችሁ። አትጨምሩ። ያስጠነቀቀ ቀን ቆሙና አንብቡ። ሁለተኛው ጉድጓድ ሙሉውን ዲስክ መስጠት ነው። ፍሪቢኤስዲ በሚባለው ሲስተም ላይ ለፑሉ የሚሰጠው ፓርቲሽኑ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ወይም አራተኛው። ሙሉውን ከሰጣችሁት ሚረሩ አረንጓዴ ይሆናል፣ ዲስኩ ላይ ግን የማስነሻ ኮድ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ያኛው ሲሞት ነው የምታውቁት። ጂፓርት በሚባለው መሣሪያ ሠንጠረዡን ገልብጡ፣ የማስነሻውን ኮድ ጻፉ፣ ከዚያ ነው ዜድኤፍኤስ የሚመጣው።

የድሮ ሶላሪስ (ሌላው የዩኒክስ ዓይነት) ያላችሁ ደግሞ አላችሁ፣ አውቃለሁ። እዚያ ያለው ወጥመድ ዲስኩ ላይ ያለችው የሁኔታ መዝገብ ናት፣ ሜታዲቢ። ሁለት ዲስክ ላይ ሦስት ሦስት ቅጂ ካለ አንዱ ሲሞት ልክ ግማሹ ይቀራል። በግማሽ ሲስተሙ መሥራቱን ይቀጥላል፣ ሪቡት ሲደረግ ግን ከግማሽ በላይ ካላገኘ በራሱ አይነሳም፣ ሰው ይጠብቃል። ማሽኑን ከማጥፋታችሁ በፊት የሞተው ላይ ያሉትን ቅጂዎች ሰርዟቸው። የአይቢኤም ዩኒክስ በሆነው በኤአይኤክስ ላይ ነገሩ የተስተካከለ ነው፤ አዲሱን ሚረር ካደረጋችሁ በኋላ «ቦስቡት» እና «ቡትሊስት» የሚሉትን ሁለት የማስነሻ ትእዛዞች ካልረሳችሁ በሰላም ትገባላችሁ።

የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ነገር

አዲስ ማሽን ከሆነ ሲስተሙን የሚያስነሳው የድሮው ባዮስ የለም፣ ኢኤፍአይ ነው። ኢኤፍአይ ሚረር የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው ፋት በሚባል ቀላል የፋይል ሲስተም የተሠራ ትንሽ ፓርቲሽን ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በየዲስኩ ላይ የተለየ ኢኤፍአይ ፓርቲሽን አድርጎ ይዘቱን መገልበጥ ነው። ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ ከ20.04 ጀምሮ ራሱ ሁለቱም ላይ ይጭናል፣ ፕሮክስሞክስ የተባለው ደግሞ ለዚሁ የተሠራ የራሱ መሣሪያ አለው። ሌላው ሜታዳታው (ሚረሩ ስለ ራሱ የሚጽፈው መረጃ) ፓርቲሽኑ መጨረሻ ላይ በሚቀመጥበት፣ ማለትም በ1.0 ዓይነት፣ ሚረር አድርጎ ፈርምዌሩን ማታለል ነው፤ ከፊት ሲታይ ተራ ፋት ይመስለዋል። ይሠራል። ግን ፈርምዌሩ አንዱ ላይ ብቻ የሆነ ነገር ቢጽፍ ሚረሩ ሳያውቀው ሁለቱ ይለያያሉ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ አሰልቺ ነው ግን አያታልልም።

እዚህ ጋ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ሲስተሙ ሲነሳ የሚከፍታቸው ፓርቲሽኖች ዝርዝር (የማውንት ዝርዝሩ) ላይ የሞተው ዲስክ ኢኤፍአይ ፓርቲሽን በመለያ ቁጥሩ ተጽፎ ካለ ሊኑክሱ ሲነሳ 90 ሰከንድ ይጠብቀዋል፣ ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ ይገባል። ኔትዎርክ የለም፣ ከርቀት የምንገባበት ኤስኤስኤች የለም። መስመሩ ላይ «ኖፌይል» የምትል ቃል ብትኖር ግን ያልፈዋል። ዛሬውኑ ግቡና እዩ፣ ዲስክ እስኪሞት አትጠብቁ። ስዋፑም፣ ለሚሞሪ ማገዣ የሚያገለግለው የዲስክ ክፍል፣ ሚረር ላይ ካልሆነ ዲስኩ ሲሞት የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ይዞ ይወድቃል።

እንደ አዲስ መጫንስ?

ይሄን ስል የሚናደዱብኝ አሉ። ግን በኔ ሚዛን አንዳንዴ የሚያሸንፈው ይሄ ነው። ሲስተሙ ድጋፉ ያለቀበት ከሆነ፣ ወይም ቅንብሩ በሙሉ ሰርቨርን በራሱ በሚያዋቅረው መሣሪያ በአንሲብል ከተጻፈ፣ የቀረውን ዲስክ ነቅላችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። በሁለት አዲስ ዲስኮች ላይ አዲስ ሲስተም ጫኑ። ያ ዲስክ ምንም አልተነካም። አዲሱ ባይሳካ መልሳችሁ ትሰኩታላችሁ፣ እንደነበረ። ዋጋው ሰርቨሩ ለጥቂት ሰዓታት መቆሙ ነው። ማንም ያላሰፈረው ቅንብር ያለበት፣ የሠራው ሰው ሥራ የለቀቀበት የድሮ ሰርቨር ከሆነ ግን አትሞክሩት።

የቀረው ዲስክም 197ቱ ከፍ ያለ ከሆነስ? እንግዲያው ሚረር ማደሱን ተዉት። አጥፉና በዲዲሬስኪው ወደ አዲስ ገልብጡት። እሱ ጤናማውን ቦታ መጀመሪያ ይገለብጣል፣ የተበላሸውን በኋላ ደጋግሞ ይሞክራል፣ የቀረውንም በካርታ ይይዛል።

ፍጥነትና መብራት

በ150 ሜጋባይት በሰከንድ 1 ቴራባይት ወደ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይፈጃል፣ 4 ቴራ ደግሞ ከ7 ሰዓት በላይ። ሊኑክስ ሥራ ሲበዛበት እድሳቱን እስከ 1 ሺህ ኪሎባይት በሰከንድ ያዘገየዋል፣ ሥራ ሲቀልለት እስከ 200 ሺህ ይፈቅዳል። ሁለቱንም መቀየር ትችላላችሁ። ቶሎ ከጨረሰ በአንድ እግር የምትቆሙበት ጊዜ ያጥራል፣ ቀስ ካለ ተጠቃሚ አያለቅስም። እኔ ቀን ዝቅ፣ ማታ ሙሉ አደርገዋለሁ።

መካከል ላይ መብራት ቢሄድ? ኤምዲአድምም ዜድኤፍኤስም በሥርዓት ካጠፋችኋቸው ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ዩፒኤሱ እስኪሞት አትጠብቁ፣ ጀነሬተሩ ካልተነሳ በ10 ደቂቃ ውስጥ በሥርዓት አጥፉት። ደግሞ ግራብን አዲሱ ዲስክ ላይ የምጭነው እድሳቱ ካለቀ በኋላ ነው። ግማሽ የተሞላ ዲስክ «እኔ ነኝ አስነሺው» እንዲል አልፈልግም።

መነሳቱን መሞከር

እዚህም ሁለት ምርጫ አለ። ጤነኛውን ነቅሎ በአዲሱ ብቻ ማስነሳት እውነተኛው ፈተና ነው፤ ግን የተነቀለው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሲመለስ እንደገና መታደስ አለበት። ሁለቱም ተሰክተው በቡት ሜኑው አዲሱን መምረጥ ደግሞ ማስነሻውን ብቻ ነው የሚፈትነው፣ ግን ማንንም አይነካም። ገና አገልግሎት ያልጀመረ ሰርቨር ላይ የመጀመሪያውን አደርጋለሁ። ሥራ ላይ ባለው ላይ ሁለተኛውን።

ያን ዕለትም እንደዚሁ አደረግን። ዲስኩን ከመሳቢያ አውጥቼ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ሰካነው፣ ማታ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሁለቱ «ዩ»ዎች ተመለሱ። ልጁ የጤነኛውን ሲሪያል ፕላስተር ላይ ጽፎ ትሬዩ ላይ ለጠፈው። ከዚያ ሪቡት አድርጎ በቡት ሜኑው ወደ ሁለተኛው ዲስክ ወረደ። እኔ ያኔ ወጥቼ ስልክ ላይ ነኝ፣ የሰርቨሩ ማራገቢያ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ለሦስት ደቂቃ ያህል ሁለታችንም ዝም።

«ጋሼ፣ ሎግኢን ይላል።»